መስታወት ሲከፈት ቤዙ የት ይሄዳል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ቪትዝ አለችኝ፤ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ 10 ኢንች ሳብ ዉፈር (የቤዝ ስፒከር) በሳጥን አስገጥሜያለሁ፣ አምፕሊፋየሩ 300 ዋት ነው። ማርቆስ ውስጥ መስታወት ዘግቼ ስነዳ ቤዙ ደረቴን ይመታኛል። ባሕር ዳር ስገባ ግን ከሙቀቱ የተነሳ አራቱንም መስታወት እከፍታለሁ፤ ያን ጊዜ ቤዙ ድራሹ ይጠፋል። የሚገርመው አንዳንድ ዘፈን ላይ ደግሞ ጭራሽ የበለጠ ይጎላል። መራዊ አካባቢ ሜዳው ላይ የኋላውን መስታወት ብቻ ከፍቼ ፈጠን ካልኩ፣ ቴፑ ጠፍቶም ቢሆን ጆሮዬን ‹ዉብ ዉብ› እያደረገ ያመኛል። ጓደኛዬ ‹የከፍታው ልዩነት ነው› አለኝ። የገጠመልኝ ልጅ ‹ባለ 12 ኢንችና ባለ 1,000 ዋት ቀይር› ይላል። ሌላው ደግሞ ‹መስታወት ዘግተህ ስታጫውት ዉፈሩ ታፍኖ ይቃጠላል› ብሎ አስፈራርቶኛል። ጎረቤቴም መስታወት ዘግቼ እንኳ ቤዙ ቤቱ እየገባ እንዳስቸገረው ነግሮኛል። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ አምፕሊፋየሩን አይቀይሩ፤ ዉፈሩንም ይተዉት። ከተነገሩዎት ሦስት ምክንያቶች አንዱም ትክክል አይደለም፤ ገንዘብ የሚያስወጣዎት ደግሞ መካከለኛው ነው።

ብዙ ሰው ቤዝ በተከፈተ መስታወት ወጥቶ የሚያልቅ ይመስለዋል። መስታወት ተዘግቶ የሚሰሙት ቤዝ ግን የዉፈሩ ሥራ ብቻ አይደለም፤ መኪናዋም ትጨምርበታለች። መስታወቱ ሲከፈት የሚያጡት ይህንን የመኪናዋን ጭማሪ ነው። ዉፈሩ እንደሆነ የሚሰጠውን መስጠቱን አላቋረጠም።

ጭማሪው ከየት ይመጣል? ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ጣት ሳይያዝበት ሲመታ 41 ሄርዝ (በሴኮንድ 41 ንዝረት) ይሰጣል፤ የዚህ ድምፅ አንዱ ሞገድ ብቻ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል። የቪትዝ ውስጧ ደግሞ ከዳሽቦርዱ እስከ ኋላ በሯ ቢለካ ከ2 ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። 8 ሜትር የሚረዝም ሞገድ እዚያ ውስጥ ሊዘረጋ አይችልም። ስለዚህ ዉፈሩ ወደፊት ሲገፋ የመኪናዋ አየር ባንድ ጊዜ ይታመቃል፤ ወደኋላ ሲመለስ ደግሞ ባንድ ጊዜ ይላላል። መኪናዋ ውስጥ ከፊት ተቀመጡ ከኋላ፣ ግፊቱ ያገኝዎታል። ደረትን የሚመታው ይኼ ነው።

ይህ የሚጀምረው የድምፁ ግማሽ ሞገድ ከመኪናው ውስጣዊ ርዝመት ሲበልጥ ነው። ለቪትዝ ከ70 እስከ 80 ሄርዝ አካባቢ ይሆናል፤ ረዘም ላለ ሃይሩፍ ሚኒባስ ወደ 50 ይወርዳል። ከዚያ ነጥብ በታች ድምፁ በወፈረ ቁጥር ጭማሪው ያድጋል፤ መኪናዋ ፍጹም ድፍን ብትሆን ኖሮ ድግግሞሹ በግማሽ በወረደ ቁጥር 12 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይጨመር ነበር። ቆርቆሮው ስለሚለጠጥ፣ ጣሪያው ስለሚነዝር፣ በየበሩ መዝጊያ ጎማ ሥር አየር ስለሚያፈተልክ በተግባር የሚገኘው ከዚያ ያንሳል። ቢያንስም ትልቅ ነው፤ 10 ዴሲቤል ጭማሪ ለጆሮ እጥፍ ያህል ሆኖ ይሰማል። ይህን ለማመን መሣሪያ አያስፈልግም። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው መስታወቶቹን በሙሉ ይዝጉ፤ ሌላ ሰው በሩን ከውጭ ገጭ አድርጎ ይዝጋው። ጆሮዎ ላይ ጫን ያለ ነገር ይሰማዎታል፣ በሩም አልዘጋም ይላል። አንድ መስታወት ከፍተው ይድገሙት፤ በሩ ቀለል ብሎ ይገባል፣ ጆሮም አይጫንም። ዉፈሩ በሴኮንድ 40 ጊዜ የሚጠቀመው በዚያው የታሰረ አየር ነው።

አሁን መስታወቱን እንክፈተው። ጠርሙስ አፉ ላይ ሲነፉት አንድ የራሱ የሆነ ወፍራም ድምፅ ያወጣል፤ አፉ ሰፋ ሲል ድምፁ ቀጠን ይላል። መስታወቷ የተከፈተ መኪናም እንዲሁ ናት፤ ሆዷ የተሳፋሪው ክፍል፣ አፏ መስታወቱ። ለቪትዝ በሚያህል መኪና በግምት ሳሰላው፣ መስታወቱ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ሲል ያ የራሷ ድምፅ ከ10 እስከ 15 ሄርዝ ላይ ይወድቃል፤ ይህ ከሙዚቃ በታች ነው። አንዱ መስታወት ሙሉ ሲከፈት ወደ 20 ወይም 25 ይወጣል። አራቱም ሲከፈቱ ግን 40 እና 50 ሄርዝ አካባቢ ይደርሳል። ሕጉ ይህ ነው፦ ከዚያ ነጥብ በታች ያለው ቤዝ ቶሎ ይወርዳል፣ ነጥቡ አካባቢ ያለው ደግሞ ይጎላል።

የገረመዎት ነገር መልሱን አገኘ ማለት ነው። በኪቦርድ የተሠራ፣ 30 ሄርዝ አካባቢ የሚጎተት ቤዝ ያለው ዘፈን አራቱ መስታወት ሲከፈት ይሞታል። ቤዝ ጊታሩ 50 እና 60 ሄርዝ ላይ የሚዘልለው ዘፈን ግን ሊጎላ ይችላል። ዘፈኑ ነው የተለየው። ሌላም አለ፤ ግፊቱ ከሁሉ የሚያንሰው ክፍተቱ አፍ ላይ ነው፤ የአሽከርካሪው ጆሮ ደግሞ እዚያው ክፍተት አጠገብ ነው ያለው። ከኋላ መሐል የተቀመጠ ሰው «እኔ ጋ እኮ አለ» ቢልዎት እውነቱን ነው።

የከፍታውን ነገር ባጭሩ ልዝጋው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር በላይ 2,400 ሜትር አልፋ ትገኛለች፣ ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር አካባቢ ናት። አየር ሲሳሳ ዉፈር የሚገፋው ነገር ስለሚቀንስ ቤዙ በጥቂቱ ይደክማል፤ እንግዲያው ደከም ማለት የነበረበት ማርቆስ ላይ ነው፣ ባሕር ዳር ላይ አይደለም። የሁለቱ ልዩነትም ከ1 ዴሲቤል በታች ስለሆነ ጆሮ አይለየውም። የሁለቱን ከተማ ልዩነት ያመጣው ብርድና ሙቀት ነው፦ ማርቆስ ላይ መስታወት ያዘጋል፣ ባሕር ዳር ላይ ያስከፍታል።

እስካሁን የተናገርኩት መኪናዋ ቆማ እንኳ የሚሆነውን ነው። ስትሄድ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ በብዙ መኪና ላይ ደግሞ ከመጀመሪያው የሚብሰው ይኸኛው ነው። መስታወት ተከፍቶ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲነዳ የሚገባው የንፋስ ድምፅ ብዙው ጉልበቱ ወፍራሙ ድምፅ ላይ ነው፤ ቤዙ ባለበት መደብ ላይ ይቀመጣል። ጆሯችን ደግሞ ከተፈጥሮው ለወፍራም ድምፅ ደካማ ነው፤ ቤዝ ለመስማት ከመካከለኛው ድምፅ ይልቅ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ስለዚህ ቤዙ ሙሉ በሙሉ እያለ ንፋሱ ይሸፍነዋል። በጾም ወቅት በገና ከፍተው የሚሄዱ ደንበኞችም «ዉፈሩ በገናውን አያወጣውም» ይሉኛል። የበገና ያ ጥዝዝታ ግን ክሩ እንዚራ በሚባለው ቁራጭ ቆዳ ላይ ሲነዝር ከሚወለዱ በርካታ ቀጫጭን ድምፆች ጋር አብሮ የሚመጣ ነው፤ የንፋሱ ጫጫታ ሲውጣቸው የበገናው ግርማ አብሮ ይሄዳል። እሱን የሚመልስ ዉፈር የለም፤ የሚመልሰው መስታወቱን ከፍ ማድረግ ነው።

መራዊ ሜዳ ላይ ጆሮዎን የሚያመው «ዉብ ዉብ» ከቴፑ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። የመኪናው ንፋስ በኋላው መስታወት ጠርዝ ላይ ሲያልፍ እየተጠቀለለ ይሄዳል፤ የጥቅልሉ ፍጥነት ቅድም ካልኩት ከመኪናዋ የራሷ ድምፅ ጋር ሲገጥም፣ ጠርሙስ እንደሚነፋ ሁሉ መኪናዋ ትነፋለች። ድግግሞሹ 20 ሄርዝ አካባቢ ስለሆነ እንደ ድምፅ ሳይሆን እንደ ምት ይሰማል፤ ጉልበቱም ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከፊት በተቃራኒው በኩል ያለውን መስታወት ሦስትና አራት ጣት ያህል ይክፈቱት፤ ወዲያው ይቆማል። የኋላውን መስታወት ብቻውን ከፍቶ መንዳት በተለይ ከኋላ ሕፃን ካለ ተገቢ አይደለም፤ ምቱ የሚጠናው ከኋላ ላለው ነው።

ወደ 1,000 ዋቱ እንምጣ። ጉልበት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ3 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል። ከ300 ወደ 1,000 ዋት ሲሄዱ የሚያገኙት 5 ዴሲቤል ገደማ ነው። አራቱን መስታወት ከፍተው 30 ሄርዝ ላይ 9 ዴሲቤል ቢያጡ፣ ያንን በአምፕሊፋየር ለመመለስ 8 እጥፍ ማለትም 2,400 ዋት ያስፈልግዎታል። ያም ሆኖ ማርቆስ ገብተው መስታወት የዘጉ ዕለት ያ ሁሉ ጭማሪ ጆሮዎ ላይ ይወርዳል። እውነተኛ 1,000 ዋት የሚያወጣ አምፕሊፋየር ደግሞ ሙሉ በሠራበት ቅጽበት ከባትሪው 100 አምፔር ገደማ ይስባል፤ የትንሽ መኪና ዲናሞ በአብዛኛው ከዚያ አይበልጥም፣ መብራቱንም ሞተሩንም የሚመግበው እሱው ነው። ማታ በቤዙ ምት የፊት መብራቷ የሚርገበገብ መኪና አይተው ከሆነ፣ ምክንያቱ ይህ ነው።

ደግሞ ገበያ ላይ «1,000 ዋት» ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ 1,000 አይደለም። አምፕሊፋየሩ ጎን ላይ የተሰካውን ፊውዝ ያንብቡ። 40 አምፔር ከሆነ በ13.8 ቮልት ሲባዛ 552 ዋት ነው፤ ይህ ደግሞ ከባትሪ የሚገባው እንጂ ወደ ዉፈሩ የሚሄደው አይደለም፣ ከዚያ ውስጥ አንድ ሦስተኛው ወይም አንድ አምስተኛው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ከዚህ ፊውዝ 1,000 ዋት ሊወጣ አይችልም። ገዢ ሁሉ ክዳኑ ላይ ያለውን ቁጥር ትቶ ፊውዙን ቢያይ በየከተማው የሚባክነው ገንዘብ ይቀንስ ነበር። የእርስዎንም ባለ 300 በዚሁ ይመዝኑት።

«ታፍኖ ይቃጠላል» የተባለው በሙሉ ስህተት ነው። የባለ 10 ኢንች ዝግ ሳጥን 30 ሊትር ገደማ አየር ይይዛል፤ የቪትዝ ውስጥ ደግሞ 2,500 ሊትር አካባቢ ነው። ዉፈሩን ከጀርባው እንደ ስፕሪንግ የሚይዘው የሳጥኑ አየር ከመኪናዋ አየር በ80 እጥፍ ገደማ የጠነከረ ነው፤ መስታወቱ ተዘጋ አልተዘጋ ለዉፈሩ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዉፈር የሚያቃጥለው አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ተጎትቶ የድምፁን ሞገድ ጫፍ ሲቆርጠው ነው። ይህ የሚበዛውም መስታወት ተከፍቶ፣ ሰው የጠፋውን ቤዝ ፍለጋ ቴፑን፣ ቤዝ ቡስቱን (ቤዝ ማጎያውን)፣ የአምፕሊፋየሩን ጌይን (የጉልበት ማስተካከያውን) በአንድ ላይ ሲያሽከረክር ነው። ምልክቱን ይወቁት፦ ዱብ ያለው ምት ወደ «ጠርጠር» ይለወጣል፣ ከሳጥኑ አካባቢም የተቃጠለ ቫርኒሽ የመሰለ ሽታ ይመጣል። ሽታው ከመጣ ቴፑን ያጥፉ፤ የዉፈሩ የሽቦ ጥቅልል (ኮይሉ) እየነደደ ነው።

አሁን መመርመር አለብዎት፤ ቤዙን የቀማዎት የመኪናዋ ግፊት መቀነስ ነው ወይስ ንፋሱ? ጸጥ ያለ ቦታ ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ የሚያውቁትን አንድ ዘፈን ቴፑን ሳይነኩ ደጋግመው ያጫውቱ። መጀመሪያ ሁሉንም ዘግተው፤ ቀጥሎ የፊቱን ሁለቱን አንድ ጣት ያህል፤ ቀጥሎ አንዱን ሙሉ፤ መጨረሻ አራቱንም። ቆመው ሳለ አንድና ሁለት መስታወት ሲከፈት ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ፣ ሲነዱ ግን ቤዙ ከጠፋ፣ ጥፋቱ የንፋሱ ነው፤ ለሱ የድምፅ መሣሪያ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። በስልክ አፕ ለመለካት ካሰቡ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። አብዛኞቹ አፖች «ኤ» በሚባለው ሚዛን ነው የሚለኩት፤ ይህ ሚዛን 40 ሄርዝን በ35 ዴሲቤል ገደማ ዝቅ አድርጎ ያሳያል፣ ስለዚህ ቤዙ ቢሞትም ቢነሳም ቁጥሩ አይንቀሳቀስም። አፑ «ሲ» የሚል ምርጫ ካለው እሱን ይምረጡ፤ የስልኩ ማይክ ራሱ ወፍራም ድምፅ ላይ ደካማ ስለሆነ ግን ቁጥሩን ለማነጻጸሪያ እንጂ ለእውነተኛ ልክ አይውሰዱት።

በዚሁ አጋጣሚ መኪናዋ የምታፈሰውን ይፈልጉ። ቁልቁል ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ መስታወት ዘግተውም ጆሮዎ ይደፈናል፤ መኪና ድፍን አይደለችም፣ አየሩ ቀስ ብሎ ይገባል። የተሠራችውም እንዲያ ሆና ነው፤ ከኋላ መከላከያው ውስጥ የአየር መውጫ አላት፣ ላስቲክ ምላስ የተሰቀለበት። ያ ምላስ ሲቀደድ ወይም የኋላ በሩ ጎማ ሲደርቅ ግን ቤዝም አብሮ ያፈሳል። አቧራ ፍንጭ ይሰጥዎታል፤ ከፒስታ መንገድ ሲመለሱ መኪናዋን ከማሳጠብዎ በፊት የኋላውን በር ከፍተው የጎማውን መቀመጫ ዙሪያውን ይዩት። ቀይ አቧራው መስመር ሠርቶ ወደ ውስጥ ያለፈበት ቦታ ካለ፣ የሚያፈሰው እዚያ ነው። የዚያን ጎማ መቀየር አምፕሊፋየር ከመቀየር በእጅጉ ይረክሳል፤ አቧራውንም ያስቀርልዎታል። ታርጋውንም ይንኩት፤ ላላ ካለ ቤዙ በመታ ቁጥር የሚንቀጫቀጨው እሱ ነው።

የበሮቹን ስፒከሮችም አይርሱ፤ ከ80 ሄርዝ በላይ ያለው ቤዝ የነሱ ነው። የመስታወት ማንሻ የተጠገነበት በር ብዙ ጊዜ የውስጥ ላስቲኩ ተቀድዶ እንዲሁ ይዘጋል። ስፒከር ከፊት የሚሰጠውና ከጀርባው የሚሰጠው ድምፅ ተቃራኒ ስለሆነ፣ በዚያ ቀዳዳ ሲገናኙ እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ። የበሩን የውስጥ ቆርቆሮ ቀዳዳዎች አስፋልት በመሰለው ማጣበቂያ ሉህ ማስደፈን ከየትኛውም ውድ ስፒከር በፊት የሚደረግ ሥራ ነው። የበሩ ታችኛው ጠርዝ ላይ ያሉት የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች ግን በፍጹም አይደፈኑ፤ ክረምት ላይ በሩ ከውስጥ ይበሰብሳል። መግነጢሱ የረዘመ ስፒከር ሲገጠምም መስታወቱ ሙሉ ወርዶ እንዳይነካው በእጅ አውርዶ ማየት ያስፈልጋል።

ጎረቤትዎ አቤቱታው ትክክለኛ ነው። መስታወት መዝጋት ለውጭ ሰው የሚቀንሰው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ወፍራሙ የመኪናውን ቆርቆሮ፣ የጭቃውን ግድግዳ፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ አልፎ ይገባል። እንዲያውም ዘፈኑና ቃሉ ውስጥ ቀርቶ ለጎረቤት የሚደርሰው ባዶ «ዱብ ዱብ» ብቻ ስለሚሆን የበለጠ ያስመርራል። ከሰፈር መግቢያ ጀምሮ፣ በለቅሶ ቤት አጠገብ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ የዉፈሩን ማስተካከያ ቁልፍ እስከ ዜሮ ያውርዱት። ድምፁን በጠቅላላ መቀነስ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ወደ ቤቶቹ ዘልቆ የሚገባው ዉፈሩ ነው።

ስለ ጆሮዎ አንድ ከባድ ማሳሰቢያ አለኝ። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ኢንስቲትዩት የሚመክረው ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ የሚቀረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። መስታወት ከፍቶ ንፋሱን ለማሸነፍ ቴፕ የሚያስጮህ ሰው ንፋሱንም ሙዚቃውንም ደምሮ ነው የሚሰማው። ቀኑን ሙሉ የሚሠሩ የባሕር ዳር ባጃጅ ነጂዎች ይበልጥ ያሳስቡኛል፤ ባጃጅ ጎኗ ክፍት ስለሆነ መኪና የምትሰጠውን ጭማሪ አትሰጥም፣ ስለዚህ ስፒከሩን እስከ ጥግ ይጎትቱታል፣ ተሳፋሪው ደግሞ ከስፒከሩ ክንድ በማይሞላ ርቀት ይቀመጣል። እርስዎም በደምበጫም በፍኖተ ሰላምም በቡሬም የገበያ ቀን ከጋሪና ከከብት መካከል ሲያልፉ ጥሩምባና የሰው ጩኸት መስማት አለብዎት።

እንግዲህ የምመክረው ይህንን ነው። መሣሪያውን መስታወት ዘግተው፣ መኪናዋ ቆማ ያስተካክሉት፤ የዉፈሩ መቁረጫ (ከዚያ በላይ ያለውን ድምፅ ከዉፈሩ የሚያስቀረው) 80 ሄርዝ ላይ፣ ቤዝ ቡስት ዜሮ ላይ፣ ጌይኑ ቴፑ ሦስት አራተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁ ሳይቆረጥ። ሳጥኑ ቀዳዳ ያለው ዓይነት ከሆነና አምፕሊፋየሩ ከታች የሚቆርጥ ማጣሪያ ካለው 25 ወይም 30 ሄርዝ ላይ ያድርጉት። ከዚያ በኋላ ጌይኑን አይንኩት። ባሕር ዳር ላይ ሙቀቱ ሲመጣ አየሩን ከውጭ እንዲያስገባ አድርገው ቬንቲሌተሩን ይክፈቱ፤ የፊቱን ሁለቱን መስታወት ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ጣት ዝቅ ያድርጉ፤ አየሩ ይንቀሳቀሳል፣ ሙዚቃ ውስጥ ያለው ቤዝ ግን ሳይነካ ይቀራል ለማለት ይቻላል። አራቱንም መክፈት ግድ ከሆነ፣ የጠፋውን 30 ሄርዝ አካባቢ ያለ ቤዝ አያሳድዱት፤ ኢኳላይዘሩ ላይ ከ60 እስከ 80 ያለውን 2 ወይም 3 ዴሲቤል ከፍ ያድርጉ። እዚያ ላይ መኪናዋ ከመጀመሪያውም ብዙ አትጨምርም ነበር፣ ስለዚህ መስታወት ሲከፈትም ብዙ አይጠፋም። አምፕሊፋየሩ 0 እና 180 የሚል ማዞሪያ (የዉፈሩን ወደፊትና ወደኋላ እንቅስቃሴ የሚገለብጥ) ካለው መስታወቱ እንደተከፈተ ሁለቱንም ይሞክሩ፤ የሞላ ድምፅ የሚሰጠውን ይተዉት። ቴፑ ሁለት ማስተካከያ የሚያስቀምጥ ከሆነ አንዱን ለማርቆስ፣ አንዱን ለባሕር ዳር ያድርጉት።

ሁለት የደህንነት ነገሮች ዛሬውኑ ይታዩ። ከባትሪው ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ከባትሪው በ45 ሳንቲ ሜትር ውስጥ የራሱ ፊውዝ ይኑረው፤ ያለዚያ ሽቦው አንድ ቦታ ተፍቆ ቦዲውን ቢነካ መኪናዋ በእሳት ትያያዛለች። ሳጥኑም በብሎን ወይም በቀበቶ ይታሰር፤ ዓባይ ቁልቁለት ላይ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ያልታሰረ ሳጥን ወደ ፊት ይመጣል።

ፈተናውን አድርገው መስታወት በሙሉ ተዘግቶ መኪናዋ ቆማም ቤዙ ደካማ ሆኖ ካገኙት ነገሩ የመስታወት አይደለም፤ የዉፈሩ ወይም የአንዱ በር ስፒከር ሽቦ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ወደ ገጠመልዎት ልጅ ሄደው የሚጠይቁት አዲስ ዉፈር ሳይሆን ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈትቶ እንዲያሳይዎት ነው።